የኮርያ ፊደል የቆጠርኩበት ዓመት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ማህሌት ስልኳን ፍራሹ ላይ ወርውራ «በቃኝ! ስድስት ወር ሙሉ ተምሬ ምንም ጠብ ያለልኝ ነገር የለም» አለች። የምትማረው ኮርያኛ ነው። ሰቆጣ ተቀምጦ ኮርያኛ! በኮርያ ፊልሞች ውስጥ የሚላቀሱትን መልከ መልካም ልጆች ስታይ ትውላለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደብተሯም በጽሑፍ ተሞልቷል። እኔ ምስር እየለቀምኩ ስለነበር ቀና ሳልል «ሙል አምጪልኝ» አልኳት።

«ምን አሉ እምዬ?»

«ውኃ ነዋ! ሙል ማለት ውኃ አይደለም እንዴ? ወይስ ቀየሩት?»

አፏን ከፍታ ቀረች። እስከዚያ ቀን ለምን እንዳልነገርኳት እኔም አላውቅም። ማን ያምነኛል ብዬ ይሆናል። በሉ እንግዲህ፣ ለእሷ የጀመርኩትን ለእናንተም ልጨርሰው።

ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ደሃና ለሚኖር ሰው ድረውኝ፣ በአሥራ ስድስቴ ባሌን «አልፈልግህም» ብዬ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ንባቡንም ዳዊቱንም ያስተማሩት ለእኔ ነው፤ ሰፈርተኛው «ዳዊት ደጋሚዋ ፈት» ይለኝ ነበር። ይበለኛ! ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ ስል ያደግኩ ስለሆነ አንድ ቋንቋ ተጨመረ ተብሎ የምደነግጥ ሰው አልነበርኩም። የምደነግጥ አልመሰለኝም ነበር ማለቴ ነው።

የእናቴ ወንድም ጋሼ ገብሬ ኮርያ ዘምተው የተመለሱ አሥር አለቃ ነበሩ። ከከተማው ዳር፣ ወደ ፃግብጂ በሚያስወጣው መንገድ ላይ፣ ከንብ ቀፏቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስት አያገቡም። ሽማግሌ ሲመክራቸው «እስቲ እናያለን» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ኮርያኛን እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ ፊደል የሚባል ነገር ግን የኮርያን ይቅርና የእኛንም አልቆጠሩም።

በአንዱ ክረምት፣ በለስ ሲበስል፣ ከኮረም የመጣ ባለ በቅሎ ፖስታ አመጣላቸው። እናቴ የላከችላቸውን በሶ ይዤ ስደርስ ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለት ገጽ ነው፤ ጽሑፉ ክብ፣ በትር፣ ሳጥን የመሰለ ነገር።

«ከማን ነው ጋሼ?»

«ከሱኒ ይመስለኛል» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረብኝ። «ዋሽቻት የመጣሁት ልጅ ናት።»

ሱኒ አባትና እናቷን ጦርነቱ የበላባት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሰፈሩበት አጠገብ አግኝተዋት ከድርሻቸው እያካፈሉ ከአንድ ዓመት በላይ አብረዋት ከረሙ። «አጆሺ» ትላቸው ነበር፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ወደ አገራቸው የሚጫኑበት ጠዋት ጨክነው ስንብት ማለት አቃታቸው። «ነገ እመጣለሁ» ብለዋት መኪና ላይ ወጡ። እሷ የምትማርበትን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከትታላቸው ኖሮ፣ ያዩት መርከብ ላይ ነው።

«እስከ ዛሬ መንገዱ ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል» አሉኝ። «ልጅን ዋሽቶ የሸሸ ሰው ደግሞ ምን ልጅ ይወልዳል?»

አለማግባታቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ደብዳቤውን አዲስ አበባ ልከው ለምን እንደማያስነብቡት ስጠይቃቸው፣ ከዚህ በፊት የመጣውን በሰው እጅ ልከው ጠፍቶ እንደቀረ ነገሩኝ። ይሄኛው ከእጃቸው አይወጣም። እኔም አፌ አያርፍምና «ያንን መጽሐፍ ያምጡት፣ እኔ አነባለሁ» አልኩ። ምን ነካኝ?

ሥራው እንዲህ ነበር። መጽሐፉ ላይ የላም ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ጽሑፍ። ጋሼ ሥዕሉን አይተው «ሶ» ይላሉ፤ እኔ ጽሑፉን «ሶ» ብዬ እይዛለሁ። ዛፍ ናሙ፣ ቢራቢሮ ናቢ። ሳንቃ ላይ በከሰል የፊደል ገበታ አወጣሁ። እንደ እኛ ፊደል መስሎኝ እያንዳንዱን ቅርጽ ለየብቻ ስመዘግብ መቶ አለፈ፣ ሁለት መቶ ሊሞላ ሆነ፣ ማለቂያ የለውም። እጄ በበለስ እሾህ፣ ፊቴ በከሰል፣ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሼ አባብለው የተላጠ በለስ ሰጡኝና እየበላሁ መጽሐፉን ስገልጥ የውኃው ሥዕል ላይ ደረስኩ። ሙል። አየሁት፤ የናሙ «ሙ» ራሱ ነው፣ ከሥሩ ግን የተጠማዘዘች ነገር ተቀምጣለች። «ል» እሷ ናታ! ቅርጾቹ ለካ የተገጣጠሙ ናቸው። ሳንቃውን በውኃ አጥቤ እንደ አዲስ ስጀምር ሁለት መቶው ወደ ሃያ ምናምን ወረደልኝ።

በጥቅምት፣ ገብሱ ሲወቃ፣ የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመር ጨረስኩ። አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩና አነበብኩላቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንድም ቃል አልገባቸውም። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ሆነ?»

«ጥሩዬ፣ ይሄ ዳዊት ነው እንጂ ኮርያኛ አይደለም!»

አባቴ እንዳስተማሩኝ ቃሉን እያነሳሁ እየጣልኩ፣ መጨረሻውን እየሳብኩ ነበር ያነበብኩት። ማንበብ ማለት እሱ ነው ብዬ ነዋ! ጽሑፍ በንግግር ድምፅ ሲነበብ የት ሰምቼ አውቃለሁ? «ዜማውን ተዪው» አሉኝ። «ከበር ሆነሽ እንደምትጠሪኝ በዪው።» አፍሬ፣ ተሽኮርምሜ፣ እንደ ተራ ወሬ አልኩት። ጋሼ ከመደቡ ተነሡ።

«‹አጆሺ፣ እኔ ሱኒ ነኝ› ነው የምትለው!» አሉ። እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ አንድ መስመር፣ ሲቀናን ሁለት። የልጅ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ይጋደማል፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገርም ይመጣና ሳምንት ሙሉ ያስቆመናል። እኔ አነባለሁ፣ የሚገባው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው በአማርኛ ሲነግሩኝ እኔም እሰማለሁ። ትምህርት ቤት አለ፣ በረዶ አለ፣ ጫማዋ ጠቧታል። «መጨረሻውን አስቀድሜ ልፍታው?» ስላቸው ደነገጡ። «አይሆንም! በተራው ይምጣ» አሉ። የሚፈሩት መጨረሻውን ነበር። ፊታቸው ላይ ይታወቃል።

እኔ ደግሞ ተስፋ እየቆረጥኩ ነበር። ጥር አለፈ፣ ጾም ገባ፣ ያወቅኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። በቀቀን ነኝ እል ነበር፤ የማላውቀውን የምጮህ። ጋሼ «ሙል» ሲሉኝ ቅሉን አቀብላለሁ፣ «ኢሪ ዋ»፣ ወደዚህ ነይ፣ ሲሉኝ እመጣለሁ... ይሄ ታዲያ ዕውቀት ነው? የእናቴ ዶሮም ሲጠሯት ትመጣለች።

በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ እሑድ፣ ሱልጆ የሚባለውን የጾም ማባያ በቂጣ በልተን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ከአበርገሌ የመጡ ነጋዴዎች ፍየል እየነዱ ያልፋሉ፤ አቧራው ልክ የለውም። የቀሩት ሦስት መስመሮች ናቸው። ጀመርኩ። «አጆሺ» አልኩ፣ ቀጠልኩ፣ ሁለት ሦስት ቃል አነበብኩና ቆምኩ።

«ምነው? አልነበብ አለሽ?»

«አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ቆምሽ?»

 ጋሼ ገና አልተረጎሙልኝም፤ ማንም አልነገረኝም። ዓይኔ ደግሞ ከአፌ ቀድሞ ወደ ታች ሄዶ እስከ መጨረሻው አይቶታል።  መቼ ነው የገባኝ? በየትኛው እሑድ? «ጋሼ... ገብቶኝ እኮ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ክፉ ነው?»

«ይስሙት» አልኩና ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እንዲህ ይል ነበር፦ «አጆሺ፣ ነገ እመጣለሁ ስትለኝ እንደማትመጣ አውቄ ነበር፤ እያለቀስክ ነበርና። ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሜ አልጠበቅኩህም፣ ሄጄ ትምህርት ቤት ገባሁ። አሁን ንገረኝ፣ ልጆችህ ስንት ናቸው?»

ጋሼ ገብሬ፣ ጥይት ያልመለሳቸው ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው። ነጋዴዎቹ ሰው የሞተብን መስሏቸው «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ አለፉ። ሲረጋጉ «ወረቀት አምጪ» አሉኝ።

«ምን ልበላት?»

እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ሳቅ አሉና «‹ገና ነው› በያት» አሉ።

እንደዚያው ጻፍኩላት፤ የተጋደመ ፊደል ቢሆንም ይነበባል። ጋሼ በሚቀጥለው ጥር አገቡ፤ ሦስት ልጆች ወለዱ። ከሱኒ ጋር ሁለት ጊዜ ከተጻጻፍን በኋላ ተቋረጠ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጋሼም አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ለማህሌት ስነግራት ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ዘልዬባት ነበር። «ታዲያ መጨረሻው ምን ይላል? ያስታውሱታል?» አለችኝ።

«መቶ ሃምሳ መዝሙር በቃሌ ይዤ ሦስት መስመር ይጠፋኛል?» አልኩና በኮርያኛ አልኩላት፣ ቀስ ብዬ፣ በተራ ወሬ ድምፅ። የጠፋኝ ቃል ይኖር ይሆናል፤ ስንት ዘመን ሆነው። ስጨርስ ቀና ብዬ ሳያት ጉንጯ ርሷል።

«አልጠበቀችውማ» አለች። «እያለቀሰ ነበራ... ታውቅ ነበር።»

በአማርኛ አልነገርኳትም እኮ! «እዪው፣ ገባሽ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። ይሄን ሌላ ሰው ሲነግርሽ ሙገሳ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ራስሽ ስትደርሺበት ግን ዕድሜ ልክ አይለቅሽም። እንባዋን ጠርጋ፣ ምን እንዳደረገች ራሷ እስክትነቃ ድረስ ምስሬን እየለቀምኩ ጠበቅኳት።