ሻይ ያመላለስኩበት ምርጫ

ኤደን ከተማ ዳር፣ ዳር ሰዓድ በሚባለው ሰፈር፣ ሰባት ዓመት አንድ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከወሎ ስወጣ ሐሳቤ ሳዑዲ መግባት ነበር። የመን ላይ ቀረሁ። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ እኔ ግን አልቆጭም፣ እንዲያውም አላህን አመሰግናለሁ። ምክንያቴ አንዲት ሴትዮ ናቸው።

ሴትዮዋ የአሠሪዬ እናት ነበሩ። ኻላ እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ቤት አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ ዋናው ሥራዬ ግን እሳቸው "ምን አለ እዚያ?" ሲሉኝ ያየሁትን መንገር ነበር። እኔ ደግሞ ነገር አሳምሬ ማውራት አልችልበትም። ዓሣው የከረመ እንደሆነ ምራታቸው "ደህና ነው" ትላለች፣ እኔ "ሸቷል" እላለሁ። በዚህ ምላሴ ከዚያ በፊት ከሁለት ቤት ተባርሬያለሁ። ኻላ ቤት ግን የተወደድኩት በዚሁ ምላሴ ነው።

ኻላ በወጣትነታቸው፣ ደቡቡ ለብቻው ሀገር በነበረበት ዘመን፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። የሠራተኛው ፓርቲ ነኝ የሚለውን ፓርቲ የያዙት ያኔ ነው። ሁለቱ የመኖች ተዋሃዱ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ባላቸው ሞቱ፣ እሳቸው ፓርቲያቸውን አልለቀቁም። ምርጫ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ከሚሰለፉት አንዷ ነበሩ።

እኔ እዚያ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ምርጫ ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ የጠበቀው ዕጩ አንድ መካኒክ ነበር፤ በፋብሪካው ዘመን የኻላን መሸመኛ ማሽን ሲጠግን የኖረ፣ አሁንም ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ሽማግሌ። ፓርቲው እሱን ትቶ አንድ ነጋዴ አቀረበ። መካኒኩ ተናዶ በግሉ ተወዳደረ። ኻላ ስለ ነጋዴው ሲነገራቸው፣ "ይኼ ሰውዬ ፋብሪካ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ ሊገዛው ነው" አሉ።

ልጃቸው ግን ከነጋዴው ጋር ነበር። ወደብ ላይ ሥራ እንደሚያስገባው ቃል ገብቶለታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋዴውን ከነጓዶቹ ቤት ጠራው። ወንዶቹ መብረዙ ውስጥ፣ ጫት የሚቃምበት ክፍል ማለት ነው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ጓዳ በኩል ባለው ክፍል ተሰበሰቡ። ዕጩው ሴቶች መሐል መግባት ስለማይችል በእሱ ፋንታ እህቱ መጣች። በሁለቱ ክፍል መካከል የምመላለሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሻይ የያዘች ሐበሻ ስታልፍ ማንም ወሬውን አያቋርጥም።

የሰፈሩ ችግር ውኃ ነበር። ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ቢመጣ ነው፣ እሱም እንደ ክር ቀጥኖ። ከመስጊዱ ጀሪካን የምሸከመው እኔ ስለሆንኩ ስለ ውኃ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። የዕጩው እህት ለሴቶቹ፣ "አዲሱ ቧንቧ ተገዝቷል፣ ወደብ ላይ ነው፣ ምርጫው ባለፈ በወሩ ይዘረጋል" አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም።

ባዶ ብርጭቆ ልሰበስብ ወደ ወንዶቹ ስገባ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ቧንቧ እየጠየቀ ነበር። ዕጩው ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ፣ "እኛው ለእኛ እንነጋገር፣ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ዘመን አይታሰብም። ለሴቶቹ ግን አትንገሩ፣ ደስ ይበላቸው" አለ። ወንዶቹ ሳቁ፣ የኻላ ልጅም ሳቀ። ብርጭቆውን ሰብስቤ ወጣሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ኻላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ "እዚያ ምን አለ?" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ተሳሰረ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በልጃቸው ስም ነው። እሱ በቃ ካለኝ ቀጣዩ ቤቴ ጎዳና ነው። ዝም ስላቸው፣ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺም ደህና ነው ልትዪኝ ነው?" አሉ። ይኼኔ አልቻልኩም፣ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ከዚያ፣ "ድምፄ ለመካኒኩ ነው" አሉ።

"ኻላ፣ ፓርቲዎን ሊተዉ ነው?"

"ፓርቲው ማን ሆነና ልጄ? እኔና መካኒኩ፣ እዚያ ማሽን ስር የከረምነው ነን እኮ። ይኼኛው ትናንት መጥቶ ነው ስማችንን የለበሰው።"

"መካኒኩስ ቢሆን ውኃ ያመጣል?"

"ላያመጣ ይችላል፤ ግን እሱም የሚጠጣው ከዚሁ ቧንቧ ነው። ቢዋሸን ራሱም ይጠማል።"

እስከ ዛሬ ስለ ተመራጭና ስለ መራጭ ሰው ሲከራከር ስሰማ ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ አላጋጠመኝም። ወሬውን ማን እንዳደረሳቸውም ለልጃቸው ትንፍሽ አላሉም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕድሜ ልኬን ዱዓ ባደርግላቸው አይበዛባቸውም።

በምርጫው ቀን ሦስታችን፣ ኻላ፣ ምራታቸውና እኔ፣ ሴቶች ወደሚመርጡበት ትምህርት ቤት ሄድን። ማየት ለተሳነው ሰው የሚያምነው ሰው አብሮ ገብቶ ወረቀቱን ይሞላለታል። ልጃቸው ሚስቱን ሲሸኝ፣ "አብረሻት ግቢ፣ የቱን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ" ሲላት ሰምቻለሁ። ኻላም ሳይሰሙ አልቀሩም፣ በመንገድ ሁሉ የያዙት የእኔን ክንድ ነበር።

በሩ ላይ መዝገብ የያዘችው ሴት፣ "ያ ሐጃ፣ አብሮሽ የሚገባው ማነው?" አለቻቸው።

"ይቺ" አሉና እጄን ከፍ አደረጉት።

"ይቺ ሐበሻ ናት። ካርድ የላትም።"

"ካርዱ የእኔ ነው። ከእሷ የምፈልገው ዓይኗን ነው።"

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ሕጉ እንደማይፈቅድላት በትሕትና አስረዳቻቸው፣ ምራታቸው እንድትገባም ሐሳብ አቀረበች። ኻላ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "የምነግርሽን ታደርጊያለሽ?" አሏት። ምራታቸው መሬት መሬት እያየች፣ "ኢንሻአላህ" አለች። እሷም ማታ የምትገባው ባሏ ቤት ነው፣ አልፈርድባትም።

"ይህችን ኢንሻአላህ አውቃታለሁ" አሉ ኻላ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ መጣንበት መለሱ።

እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ይግቡ፣ ምራትዎ ምናልባት ያሏትን ታደርግ ይሆናል፣ ስለ እኔ ብለው ምርጫዎ አይቅርብዎ አልኳቸው። "ድምፄን ለማላምነው ከምሰጥ ይዤው ቤቴ ብገባ ይሻለኛል" አሉኝ። በሰልፉ የቆሙት ሴቶች ሁሉ እያዩን ወጣን። መንገድ ላይ አለቀስኩ። በሀገሬ ለእርሻ ቦታ እንኳ ምስክር ሁኚ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። እኚህ ሴትዮ ለልጃቸው ሚስት የማይሰጡትን ለእኔ ሊሰጡ ነበር።

ልጃቸው ሲሰማ ጮኸ፣ በማግሥቱ እንደሚያሰናብተኝም ነገረኝ። ኻላ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ "የእኔንም ልብስ አብራ ትሸክፍ" አሉት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እዚያው ቤት ሠራሁ። ወደብ ላይ ያለው ሥራም አልመጣለትም፣ እሱ ግን ነጋዴው ዋሸኝ አይልም፣ በሌላ በሌላ ነገር ያመካኛል።

ውጤቱ ሲነገር ያሸነፈው ነጋዴው ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኻላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሳሻቸው፣ "ሳልመርጥ በመቅረቴ አጥፍቻለሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ለእኔ ብለው እንደቀሩ አውቃለሁ። ማስተዛዘን ይገባኝ ነበር።

"አዎ ኻላ፣ አጥፍተዋል" አልኳቸው። "መካኒኩ ምናልባት አንድ ድምፅ ቀረበት።"

ኻላ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ፈገግ አሉ።

"አየሽ፣ አንቺን ይዤ መግባት የፈለግኩት ለዚህ ነበር" አሉኝ።