ጋሽ ይበቃል የጠረጠረው ጨው
ምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የዋና አብሳዩን ስም የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ይበቃል» ነው የሚለው። ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ተምሮት የመጣው አበሳሰል ቀላል ነው፤ በደንብ የቀላ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ጨው። ሌላ ነገር ልጨምር ብሎ እጁን የዘረጋ ሁሉ «ይበቃል!» ተብሎ ይጮኽበታል። ጨውማ ከእሱ ጣት በቀር የማንም ጣት አይነካውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተከበረው በዚሁ ነው።

ዘንድሮ ግን ጥርጣሬ ገባው። መጀመሪያ የጠረጠረው አትክልት ሻጩን ነው። «ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ ነው፤ ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ አንድ ሣጥን ሙሉ ቲማቲም መለሰበት። ሰውየው ጠዋት ከማሳ የተለቀመ ነው ብሎ በልጆቹ ቢምልም የሰማው የለም። ቀጥሎ ዘይት አቅራቢው «በርዞታል» ተብሎ ተባረረ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ ጋሽ ይበቃል ግን ገንፎውን ትቶ ስንጥር ሲፈልግ ከረመ።

ይባስ ብሎ ሳህኖቹ ከተመጋቢዎቹ ተጠርገው ይመለሱ ነበር። ውሃ ውሃ የሚል ቲማቲም ማን እንዲህ ይልሳል? እዚህ ውስጥ የሰው እጅ አለበት! ዓይኑ ምክትሉ ላይ አረፈ። አሥራ አምስት ዓመት አጠገቡ የቆመች፣ እንደ ልጁ የሚያያት ሴት ናት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ከሽርጧ ኪስ የሆነ ነገር ቆንጥራ ሳህኑ ላይ ስትበትን አያት። ዘሎ እጇን ያዛት።

«ምንድን ነው የምትነሰንሺበት? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!»

«ጨው ነው፣ ጋሼ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አያደርጉም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ እፍኝ ይለቁበታል፤ እሱን ደፍቼ እንደ አዲስ እሠራለሁ። ምላስዎ...»

«ምላሴ ምን ሆነ?»

ምክትሉ አንድ ቲማቲም ለሁለት ከፍላ ሁለት ሳህን ላይ አኖረች፤ ዘይት አፈሰሰችባቸውና ዞር ብላ አንዱ ላይ ብቻ ጨው አደረገች።

«የቱ ነው ጨው ያለው?»

አንደኛውን ቀመሰ። ሁለተኛውን ቀመሰ። ደግሞ ወደ አንደኛው ተመለሰ።

«አንዱም ላይ የለም! ልታሞኚኝ ነው!»

ዕቃ አጣቢዋ እጇን ጠራርጋ መጣችና ሁለቱንም ቀመሰች። ሁለተኛው ላይ ፊቷ ተጨማደደ። «ኧረ ይሄስ አያስበላም፣ በዝቶበታል!» ብላ ውሃ ፍለጋ ሮጠች።

ጋሽ ይበቃል ያገኘው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፈራ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ይሄን ማን ያውቃል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምክትሉ ወደ ምድጃው፣ ወደ መክተፊያው፣ አንገታቸውን ወደ ደፉት አብሳዮች ሁሉ ተመለከተች።

«ሁላችንም፣ ጋሼ። ከእርስዎ በቀር።»