የታመመ ውሃ ለመጠየቅ

ዳላስ አጠገብ ካለችው ከተማችን ከሳክሲ ወጣ ብሎ ሐይቁ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚገባበት ቦታ አለ። ነጮቹ ጎረቤቶቻችን «ቤይ» ይሉታል። እውነተኛው የባሕር ቤይ ከዳላስ ሩቅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የሐይቅ ጓዳውን በዚህ ትልቅ ስም ጠርተው ይጽናናሉ። እኔም ባሕረ ሰላጤ የሚለውን ቃል ከጂኦግራፊ ፈተና ወዲህ አንስቼው ስለማላውቅ ቤይ እለዋለሁ። ቸርቻችን ሰው የሚያጠምቀው እዚያ ነው።

እናቴ ከሆሳዕና የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ጌታን ከተቀበለች ቆይታለች፤ ጥምቀቷን ግን እኔ ዳር ቆሜ ካላየሁ አይሆንም ብላ እስክንገናኝ ጠበቀች። ቤዩን ባሳየኋት ቀን ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ዕንባዋ መጣ። የምጠመቀው እዚህ ነው አለች፤ ፓስተራችንም በበጋው መጀመሪያ ቀን ቆረጡላት።

ያን ሰሞን ነው ከላይ በኩል ዛፉን ጨርሰው ቤት መሥራት የጀመሩት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከግንባታው የሚወርደው ቱቦ ጭቃና አረፋ ይተፋል። ውሃው ቀስ በቀስ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳሩ ላይ ተኮለኮሉ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ወፎቹ ናቸው፤ የሞተ ዓሣ እንደዚያ ተዘርግቶላቸው አንድም ወፍ ዝር አይልም።

አንዲት ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ጎረቤት አለችን። ውሻዋ እዚያ ዋኝቶ በማግስቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ዕረፍት የላትም። ጎረቤቱን ሰብስባ ቱቦው አፍ ላይ ጨርቅ ወጠረች፣ ውሃውን በጠርሙስ እየቀዳች ለምርመራ ላከች፣ ከተማው ስብሰባ ባለ ቁጥር እየሄደች ጮኸች። ጥምቀት እንዳለን ስትሰማ ደግሞ እሑድ ፕሮግራም ሳያልቅ ቸርቻችን ደጃፍ ደረሰች። አስገቧትና መድረክ ላይ ቆመች። የምታስተረጉምላት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ዘማሪያችን ነበረች።

ልጅቷ አማርኛዋ እንደምንም ነው። «ተበክሏል» የሚለው ቃል ጠፋባት።

«ሶ፣ ውሃው... ማለቴ፣ ቤዩ ሲክ ነው። ታሟል። በጣም ታሟል። ሶ፣ ፕሊስ—»

ታሟል የሚል ቃል እኛ ቸርች ውስጥ ከወደቀ ማን ያስጨርሳል! ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኢየሱስ ሆይ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። «አትንኩት» የሚለው የንግግሯ ዋናው ክፍል በጸሎቱ ተውጦ ቀረ። ሴትዮዋ አሥር ዓመት ስብሰባ ብትጠራ ይህን የሚያህል ሕዝብ አይነሣላትም፤ ዕንባዋን እየጠረገች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳቄ መጣ።

ከፕሮግራም በኋላ መኪናው ሁሉ ተግተልትሎ ወደ ቤዩ ሄደ። ሰው የመሰለውን ቦታ ፓርክ አድርጎ ወረደ። ሴትዮዋ ሊያግዟት የመጡ መስሏት ቆሻሻ መልቀሚያ ጓንት ታድላለች፤ የእኛዎቹ ደግሞ ለጸሎት ብለው ጓንቱን እያወለቁ ኪሳቸው ይከታሉ። ፓስተራችን ጸሎት ጀመሩ። እጃችሁን ወደ ውሃው ዘርጉ አሉ እንጂ ንኩት አላሉም። ሰውም ከዳር ሆኖ ዘረጋ።

እናቴ ግን ወረደች። ያን ጠዋት ሽንኩርት ስትከትፍ የግራ እጇን አመልካች ጣት ቢላ ቆርጧት ነበር፤ ስኳር ደግሞ አለባት። ጓሮ ጎንበስ እንደሚባል ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን አረንጓዴው ውስጥ ነከረች።

«እማዬ! ውጪ! ውጪ እንጂ!» አልኳት እየሮጥኩ።

ዞር ብላ ተቆጣችኝ። «የታመመ ከሩቅ ይጠየቃል እንዴ?»

ዕድሜዋን ሙሉ በሽታው ይተላለፋል የተባለለትን ሰው ሳይቀር አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እጁን ይዛ የጠየቀች ሴት ናት። እጇን በሳሙና አሳጠብኳት፤ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ጣቷ ትንሽ ቀላ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔ ኧርቪንግ ካለው የሆቴል ሥራዬ ስመለስ ክንዷ ድረስ አብጦ፣ በትኩሳት እየቃዠች አገኘኋት።

ሆስፒታል ጣቷን ቆረጧት። ባይቆረጥ ክንዷን፣ ከዚያም ሕይወቷን ሊወስድ ይችል ነበር አለኝ ሐኪሙ። ተናደድኩ። በቱቦው፣ በቤት ሠሪዎቹ፣ በዚያች ግማሽ አማርኛ ባላት ልጅ፣ በጸሎቱም ሳይቀር። ሴትዮዋ አበባ ይዛ መጣችና አልጋው አጠገብ አለቀሰች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ እናትሽ ሲሻላት የከተማው ስብሰባ ላይ ትናገርልን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፤ ነገሩ ከሴትዮዋ ፊትና «ሚቲንግ» ከሚለው ቃሏ ገብቷት ነበር። «እሄዳለሁ በያት» አለች።

ሄድን። የከተማው አዳራሽ ውስጥ ጎረቤቶቹ፣ ፓስተራችንና ግማሹ ቸርች ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመች፤ እኔ አስተረጎምኩ። «እኔ እንግዳ ነኝ» አለች። «ይህ ውሃ የእናንተ ነው። ልጠመቅበት ነበር የመጣሁት። ታሟል ሲሉኝ ጠየቅሁት፤ ያለበትን አሳየኝ።» ፋሻ የተጠቀለለ እጇን አነሣች። አንዲት ሴት ፊቷን ሸፈነች። ሰብሳቢው ስለ ጥንካሬዋ አመሰገኗት፣ ማዘናቸውን ገለጹና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፤ ስለ መንገድ መብራት ነበር።

«ምን አሉ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እናጤነዋለን አሉ።»

እናቴ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንታ ያረጀች ሴት ናት። ይህን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ታውቀዋለች። «እህ» ብቻ አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ በቤዩ በኩል አለፍን። ጎረቤቶቹ የወጠሩት ጨርቅ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ ቱቦው ይተፋል። እናቴ የመኪናውን መስኮት ዘጋች።

«ለፓስተሩ ንገሪልኝ» አለች። «ጥምቀቴን ሌላ ቦታ ያድርጉልኝ።»

ሐኪሙ ጣቷን እንቆርጣለን ሲለኝ እንኳ ይህን ስትል የፈራሁትን ያህል አልፈራሁም። ስታስታምም የኖረች ሴት ናት፤ የማይድነውን ታውቃለች።