እግራቸው ቀይ የተቀባ እርግቦች

ባለፈው ቅዳሜ ገርጂ ጥፍር ልሠራ ተቀምጬ ሳለ፣ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ዶክተር ለተብርሃን ትዝ አሉኝ። እሳቸው ጥፍራቸውን ተቀብተው አያውቁም። ቀይ የጥፍር ቀለም የገዙት ለእርግብ እግር ነበር።

ልጅ ሳለሁ እኛ ብሎክ ምድር ወለል ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በመሥሪያ ቤታቸው የዱር እንስሳትን በስሌት ያጠኑ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው እንደሆኑ እናቴ ነግራኛለች። በወጣትነታቸው «ሴት በረሃ አትችልም» ተብለው ቢሮ ሲቀሩ፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው በጭነት መኪና ቆላ ወርደዋል አሉ። ሳሎናቸው አሮጌ ወረቀት ወረቀት ይሸት ነበር። ቁልፎቹ የተፋቁ ካልኩሌተር፣ ማንገቻው በሲባጎ የተቀጠለ ባይናኩላር፣ እርሳስ የታጨቀበት የወተት ጣሳ አይረሱኝም።

አንድ ክረምት እርግቦች የጣሪያውን የውሃ ታንከር አቆሸሹና የነዋሪዎች ኮሚቴ በመርዝ ሊያጠፋቸው ወሰነ።

«ሺህ ይሆናሉ!» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ መኮንን።

«ቆጠሯቸው?» አሉ ዶክተር።

«የሚበር ነገር እንዴት ተደርጎ ይቆጠራል?»

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።»

ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ እግር በእግር ተከተልኳቸው። በቅርጫት ሥር እህል በትነው ሃያ እርግብ ያዙ፤ እግራቸውን ቀይ ቀብተው ለቀቋቸው። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሃያ ያዙ። አራቱ ብቻ ቀለም ነበረባቸው።

«እዪ ልጄ፣ ከአምስት አንዱ የኛ ነው። የቀባነው ደግሞ ሃያ ነው። ሁሉም ስንት ይሆናሉ?»

በጣቴ ቆጥሬ «መቶ!» አልኩ።

«መቶ ገደማ። 'ገደማ'ን እንዳትረሺ።»

በእጃችን ያልገቡትን እርግቦች ብዛት ማወቃችን ለቀናት ሲያስገርመኝ ሰነበተ። ጋሽ መኮንን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «መቶ ከሆኑማ ምን አስጨነቀን?» አሉ። መርዙ ቀረ። ለታንከሩ ክዳን ተሠራለት፤ ጎረቤታችን ያለው ወፍጮ ቤትም እርግቦቹን የሚስበውን የፈሰሰ እህል በየቀኑ መጥረግ ጀመረ።

ዶክተር ሲያርፉ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከሩቅ ፓርክ የመጡ አንድ ሽማግሌ የዱር እንስሳት ጠባቂ አጠገቤ ተቀመጡ። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ የቆጠራ ቅጽ አውጥተው፣ «የታዩ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ዓምድ በጣታቸው አሳዩኝ። «ያልታዩ፣ በግምት» ይላል።

«ይቺን ያስገቧት እሳቸው ናቸው» አሉኝ። «ያን ጊዜ ስቀንባቸው ነበር። ዛሬ ይቺን ባዶ የተወ ሰው ቅጹ ይመለስበታል።»