ሁለት ዓመት የማይባልበት ቤት

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ «ሁለት ዓመት» የሚባል ነገር የማይነሣበት አንድ ቤት አለ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ኸዲጃ የጎረቤት ሕፃን ዕድሜ ሲጠየቁ እንኳ «አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሞልቷል» ይላሉ። ሰፈሩ ለምዶታል፤ ምክንያቱንም ያውቃል። ትልቋ ልጃቸው ሀዲያ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው በሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ትደውል ነበር። በሁለተኛው ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጣ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሞተች ያለ የለም፤ አለች ያለም የለም።

ታናሿ ፈርሂያ ያደገችው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እህቷ ስትሄድ የነበረችበትን ዕድሜ አልፋዋለች። መልካቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው። ክረምት ጉሙ ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ከተማውን ሲውጠው፣ ከውስጡ ድንገት ብቅ የምትለውን ፈርሂያን ያየ ሰው ክው ይላል። አንድ ጊዜ ከከላላ በበቅሎ የመጡ ሽማግሌ እጇን ጨብጠው «መጣሽ እንዴ ሀዲያ? አልሐምዱሊላህ!» ብለው አለቀሱ። ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «አዎ፣ መጣሁ» የሚል ነበር። ያን ቀን ሙሉ እግሯ የራሷ አልመስል አላት።

ፈርሂያ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የእህል ግብይት ባለሙያ ናት። የሰፈሩ ቅሬ ጸሐፊም እሷ ናት። ቅሬው እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናበት ማኅበር ነው፤ ስም ጠሪዋ፣ ደንብ ያዧ ፈርሂያ።

ዘንድሮ ከሁለት አገር ሁለት ደብዳቤ መጣላት። ሁለቱም ለኤምቢኤ፣ ለንግድ አስተዳደር ማስተርስ፣ ሁለቱም ሙሉ ስኮላርሺፕ። አንደኛው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ ሌላኛው የሁለት። መልሱ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ላስተማሯት ለመምህር ኒቆዲሞስ ደወለች፤ እሳቸውም ውጭ ተምረው የተመለሱ ናቸው።

«የአንድ ዓመቱ ሩጫ ነው» አሏት። «ትንፋሽ ሳትሰበስቢ ትመረቂያለሽ። መሀል ላይ እረፍት ስለሌለው ድርጅት ገብተሽ ሥራ አትለማመጂም፤ የሚያውቅሽ ቀጣሪም ሳታገኚ ቪዛሽ ያልቃል። በሁለት ዓመቱ ግን ልምምድ አለ፣ ጊዜ አለ፤ ሙያሽን እስከ መቀየር ትደርሻለሽ።»

«ታዲያ የቱ ይሻለኛል መምህር?»

«እሱ እንደ ሐሳብሽ ነው። የአንድ ዓመቱ ወደ ነበረበት ለሚመለስ ሰው ነው። የሁለት ዓመቱ ሌላ ሰው መሆን ለሚፈልግ።» ሳቁ። «እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ አባቴ መሪጌታው በር ላይ አቁመውኝ 'ልጄን የት አደረስከው?' ብለውኛል።»

ሌላ ሰው መሆን! ፈርሂያ ስልኩን ዘጋች። የማንም ጥላ ሳትሆን፣ ማንም እህቷን መስላው በማያለቅስባት አገር መንገድ ላይ ስትሄድ ታያት። ልቧ ወደ ሁለቱ ዓመት አደላ።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ኸዲጃ ምስር ይለቅሙ ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሁለት ዓመት፣ እማ።»

እናቷ ምስራቸውን ለቅመው ጨርሰው ተነሡ።

ነገሩ የጀመረው በማግስቱ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋረግ ገብተው ሲጫወቱ፣ ወይዘሮ ኸዲጃ ወጡን እያማሰሉ «ፈርሂያ እኮ ሳቂታ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና» አሉ። ፈርሂያ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እየበላች ነው። ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

«ኧረ በስማም! ኸዲጄ፣ ልጅሽን በቁሟ ቀበርሻት እንዴ? ይችውልሽ፣ እንደ በሬ እየበላች!»

ወይዘሮ ኸዲጃ ልጃቸው ወዳለችበት አዩ። ባዶ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው፣ ዐይናቸው ሳያርፍባት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ፈርሂያ የዓርብ ቀሚሷን ብትፈልገው አጣችው። ያገኘችው ከሀዲያ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በሥርዓት ታጥፎ ከሀዲያ ልብሶች ላይ ተቀምጧል።

በዚያ ሰሞን የከተማው ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ፈርሂያ ሐሙስ በማለዳው አውቶቡስ ደሴ ሄዳ መልሷን ለመላክ ቆረጠች፤ ይህንንም ለእትዬ ሸዋረግ ብቻ ነገረች። እትዬ ሸዋረግ ለቅሬው መሪ፣ ለዳኛው ለጋሽ አሕመድኑር ነገሩ። ጋሽ አሕመድኑር «ጸሐፊያችን እንዲህ ላለ ነገር ስትነሣ ያለ ዱዓ አትሄድም» ብለው ቅሬውን ጠሩ።

ማንም ልብ አላለም እንጂ፣ ከዓረብ አገር የሞት ወሬ ሲመጣ መርዶ የሚያረዳው ያው ቅሬ ነው። የሚሄደውም ልክ እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዳኛው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ቃል ሳይተነፍስ።

ፈርሂያ ቦርሳዋን ይዛ በሩን ከፈተች። ጉም። ጉሙ ውስጥ ነጫጭ ጋቢና ነጠላ ተደርድሮ ቆሟል፤ እግር የለውም፣ ጉሙ በልቶታል። እንዲህ ባለው ሰልፍ ስንት በር አንኳኩታለች! መጀመሪያ «ሀዲያ» አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ «የለም፣ እኔ ነኝ፤ የኔን ሞት ሊነግሩን ነው» የሚል ሐሳብ እንደ ውርጭ ገባባት፤ ለአፍታም አመነችው።

እናቷ ከኋላዋ መጡ። ሻሻቸውን ቀስ ብለው ፈቱ።

«መጣችሁ?» አሉ። «ብዙ ቆያችሁ።»

ከዚያ ጮኹ። «ሀዲያዬ!» የሚለው ድምፅ ከከተማው በታች ያለውን ገደል ዞሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ከታች የመለሰላቸው ይመስል ነበር።

«ኧረ ኸዲጃ! ለዱዓ ነው የመጣነው! ለፈርሂያ መንገድ!» አሉ ጋሽ አሕመድኑር።

«ምላሴን በቆረጠው! የኔ ጥፋት ነው!» እትዬ ሸዋረግ ደረታቸውን መቱ።

ወይዘሮ ኸዲጃ ጩኸታቸውን ገቱ። ዐይናቸው ጥርት ያለ ነበር።

«ዐውቃለሁ፣ አሕመድኑር። ከመጣችሁ አይቀር ግን ተቀመጡልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልመጣልኝም።»

የቅሬው ደንብ ሞቱ ላልተረጋገጠ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም ይላል። ጋሽ አሕመድኑር ደንብ ያዧን አዩ። ፈርሂያ አንገቷን ደፋች፤ ከበሩም ዘወር አለችላቸው። አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ።

እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ሲበርድ ወይዘሮ ኸዲጃ ፊታቸውን ታጠቡና፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።»

«እንዴት ትቼሽ ልሂድ፣ እማ?»

«ሂጂ። ሁለቱንም ዓመት ውሰጂው። ለሁለታችሁም አልቅሻለሁ፤ ቀሎኛል።»

ሹፌሩ ለቅሶውን ሰምቶ ሳይነሣ ጠብቋት ነበር። ደሴ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብታ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ከፈተች። ሁለት ዓመቱን የፈለገችው ለማምለጥ ነበር፤ የእህቷን መመለስ ከሚጠብቅ፣ እሷን ግን ከማያይ ቤት። ያ ቤት ግን ዛሬ ማለዳ መጠበቁን ተወ። አሁን ወደዚያ ቤት ተመልሶ የሚመጣ ሰው ቢኖር ራሷ ብቻ ናት። የአንድ ዓመቱን ተቀበለች፤ ሌላውን ይቅርታ ጠይቃ መለሰች።

በማግስቱ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ወሬው እስከ አጅባር ከተማ ደርሶ ኖሮ፣ ከዚያ የመጡ አንዲት ሴት ገና ከመግቢያው አንገቷን አቅፈው «አላህ ያጥናሽ ልጄ። የትኛዋ ናት የሞተችው?» አሏት።

ፈርሂያ ከእቅፋቸው ወጣች።

«ሀዲያ» አለች።

እናቷ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አንዱን ዓመት መረጥኩ፣ እማ። ሲሞላ እመጣለሁ።»

«የሚሄድ ሁሉ እንዲሁ ይላል» አሉ ወይዘሮ ኸዲጃ ያለ ቁጣ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «በይ ተቀመጪ። አንቺ ገና አላለቀስሽላትም።»