የናኖ ርጭትና የተዘጉት መስኮቶች

እዚህ ደቡብ ሱዳን፣ ማላኪያ ሰፈር ያለ አንድ የሐበሻ ሆቴል ክፍሎቹን ጀርም ይገድላል በተባለ፣ እጅግ የደቀቀ የብር ማዕድን ባለበት የናኖ ፈሳሽ ማስረጨት ሲጀምር ወሬውን ከጋዜጠኞች ሁሉ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። የሚረጨው ጋምቤላ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። መርጨት ከጀመረ ወዲህ ያስለዋል። ሦስት ጊዜ ሄጄ ስለ ሳሉ ብጠይቀው ሦስቴም ደህና ነኝ ብሎ ሸኘኝ። የፈሳሹን ጣሳ ጽሑፍ ገልብጬ ለአንድ ባለሙያ ልኬ መልስ ስጠባበቅ፣ ሬዲዮ የምትሠራ የሙያ ባልደረባዬ አንድ ከሰዓት አብራው ዋለችና ሁሉን ነገራት። በማግስቱ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሻይ ስጠጣ ታሪኬን በሬዲዮ ከእሷ አፍ ሰማሁት።

በድምጿ ቀናሁ፤ ሰው ሳትለምነው የሚነግራት በመሆኑ ደግሞ የባሰ ቀናሁ።

ከሰዓት የባለሙያው መልስ ደረሰ። ግድግዳ ላይ የደረቀው ያን ያህል አያሳስብም፤ የሚያሰጋው ሲረጭ በዓይን የማይታየው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ መግባቱ ነው፤ የረጅም ጊዜ ጉዳቱም ገና በውል አልታወቀም። እሷ ግን አደጋው ለእንግዶቹ ነው ብላ ነበር። ተሳስታለች። ደስ አለኝ። ማረሚያውን በስሜ ጋዜጣ ላይ ላወጣ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ለማጣራት በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ሆቴሉ ሄድኩ። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል። የሆቴሉ ባለቤት ሬዲዮውን ሰምታ፣ ብናኙ እንግዶቹ ጋ እንዳይደርስ ሰውዬው ዘግቶ እንዲረጭ አዛዋለች። እሱም አፉን በጨርቅ አስሮ ውስጥ ይሠራል። አስወጥቼ ያወቅሁትን ነገርኩት። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆየና ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ አንተ የምትጽፈውን እዚህ ማን ያነበዋል? እሷ በሬዲዮ ትበለው፤ እትዬ ያኔ ትሰማለች።"

የሆቴሉ ባለቤትም ሬዲዮ ያላለውን ከየት አመጣኸው ብላ ተቆጣችኝ። የቀሩት ክፍሎች ነገ ይረጫሉ።

ግቢው ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። ከባልደረባዬ የምበልጥበት በእጄ የቀረው ይኸው አንድ የባለሙያው መልስ ነበር። ደወልኩላትና ቃል በቃል አነበብኩላት።

"ባለሙያውን ራሴ ላናግረው፤ ቁጥሩን ስጠኝ" አለች።

እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ይህም አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስሕተቷን ራሷ በሬዲዮ አረመች፤ ድምጿ እንኳ አልተደናቀፈም። ሆቴሉ ስደርስ መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ሰውዬው ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጓል። ለማነጋገር ወደ አገጩ አወረደው።

"ሰማሃት አይደል ጋሼ? እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?"

ሰምቻታለሁ አልኩት።