ሳልቀምስ የፈረድኩበት ፓስታ

ጨለለቅቱ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ይህን ጉዞ የተጓዝኩት ምሳ ለመብላት ነው። ለምሳ ብሎ ከጨለለቅቱ ዲላ የሚሄድ ሰው እኔም ከዚህ በፊት አላየሁም።

የልጅ ልጄ መቅደስ ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ። ያሳደግኳት እኔ ነኝና «እማዬ» ነው የምትለኝ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ነይና የምሠራበት ቤት ምሳ ብዪ። ግን መጀመሪያ ማይልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«አፍሽን ላትከፍቺ። ለጉርሻ ካልሆነ በቀር።»

ታውቀኛለች። ወፍጮ ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ ወረፋ የሚጥስ ሰው ካየሁ ዝም ማለት አልችልም። የዚህ ጊዜ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። መቅደስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ አጥታ፣ ከእኔ ጋር ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስትለቅም ከረመች። በመጨረሻ ዲላ የተከፈተ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ለአንድ ወር ሙከራ ወጥ ቤት አስገባት። የቤቱ ባለቤት ጥብቅ ሴት ናት። ደንበኛ የመለሰው ሳህን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ በአብሳዩ ስም ይጻፋል። ሦስት የተጻፈበት ይሰናበታል። የመቅደስ ሁለት ደርሷል። ወሩ የሚያልቀው ደግሞ በዚያው ቅዳሜ ነው።

«ማልኩ» አልኳት።

ለእሷ ያዘጋጀሁትን ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ እስከ መናኸሪያው በሞተር ወረድኩ። ሞተረኛው በጭቃው ላይ ሲበር፣ «ቀስ በል፤ ለምሳ ነው የምሄደው፣ ለቀብሬ አይደለም» አልኩት። ሳቀና ቀስ አለ። እግዜር ይስጠው።

በመንገድ ላይ

ጥቅምት ነው። እንሰቱ በዝናቡ ታጥቦ አረንጓዴው ያበራል፤ ከሥሩ ያለው ቡና መቅላት ጀምሯል። ሚኒባሷ ውስጥ በሦስት ሰው ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተመችቶን እየሄድን ሳለ፣ ዱመርሶ ላይ ስትቆም ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው» አለ።

«ይህ ወንበር ለስንት ሰው ነው የተሠራው?» ብዬ ጮህኩበት። «አራተኛውን ጭንህ ላይ አስቀምጠው!»

ቀና ብዬ ሳይ ለካ የምትገባው ሕፃን ያዘለች ሴት ናት። አፈርኩ። ከሁሉ በፊት የተጠጋሁት እኔ ነኝ። ሕፃኑ እስከ ዲላ ድረስ የነጠላዬን ጥለት ሲያኝክ ሄደ፤ እናቱም ስትወርድ ሁለት አቮካዶ ሰጠችኝ። ስጮህባት የነበርኩት ሴት!

ዲላ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

የመጀመሪያው ባጃጅ ኮንትራት ካልሆነ አልንቀሳቀስም አለኝ። ሁለተኛው ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ሳቁ።

«እማማ፣ እኛም እዚያ ነን! ግቡ።»

አንደኛዋ ሕይወት ትባላለች፤ አገሯ ደብረ ማርቆስ ነው። ጓደኛዋ ፈተና ስላለፈች ልትጋብዛት ነው። ለዚህች ቀን ገንዘብ ለማጠራቀም ብላ ለሳምንታት ከካፌ መቅረቷን ጓደኛዋ አጋለጠቻት። ስንደርስ እጄን ይዛ ያወረደችኝ ሕይወት ናት።

በሩ ላይ ጥበቃው የውጭ ምግብ እንደማይገባ በትሕትና ነገረኝ። ቆጮውን ሰጠሁትና፣ «እዚህ ለምትሠራው ለመቅደስ ነው፤ አደራ» አልኩት። «ዓይኔም አይነካው» አለ።

አስተናጋጁ ሕይወትንና ጓደኛዋን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ እኔን መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ወሰደኝ። ባዶ ጠረጴዛ ሞልቷል።

«ያኛውስ?»

«የተያዘ ነው።»

ሾርባ ጠጥቼ እስክጨርስ ድረስ ማንም አልመጣበትም። መሐላዬን አስታውሼ ዋጥኩት። ሜኑውን አመጣልኝ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ፊደሉን አነበብኩት፣ ምግቡን ግን አላወቅኩትም። «ይሄ ምንድነው?» ስለው «ላዛኛ» አለኝ፤ ያንንማ አንብቤዋለሁ። ይህንንም ዋጥኩና እሱኑ አዘዝኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን የቀረበው ነገር ያስመሰግናል። ፉርኖው ከምድጃ ወጥቶ ትኩስ ነበር። የአደንጓሬና የካሮት ሾርባው ጉልበት ያለው፣ ጨውም የበዛበት አይደለም። ሁለተኛ ሳህን ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ላዛኛውን እየጠበቅኩ ወደ ወጥ ቤቱ በር አያለሁ። እኔ እስከማውቀው ድረስ የመቅደስ ሥራ ሽንኩርት መክተፍና ሰላጣ ማሰናዳት ነው። በዚያ ሳምንት ፓስታው ላይ መቆሟን አልነገረችኝም ነበር።

ያን ጊዜ የሕይወት ድምፅ ተሰማኝ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ፓስታ አልበሰለም መሰለኝ።»

አስተናጋጁ ሳህኑን እንኳ አላየም። «እንደዚህ ነው የሚበላው። ካልለመድሽው ማዶ ሻይ ቤት አለልሽ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ሹካዋን አስቀመጠችና መስኮቱን ማየት ጀመረች። የጓደኛዋ ደስታ በአንድ ቃል ተበላሸ። እኔም መሐላዬን ረሳሁት።

«ና እስቲ አንተ! ሰው ልጁን አገር አቋርጦ ይልካል፣ እናንተ ጥሬ አቅርባችሁ ደግሞ ትሰድባላችሁ? ዱቄት ዱቄት የሚል ፓስታ! ይህን ያበሰለው ማን ነው? ይውጣና ፊቴ ይብላው!»

አስተናጋጁ ሳህኑን አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑን የያዘች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ጠና ያለች ሴት ወጣች። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ናት፤ የዲላ ልጅ ሆና ሮም ውስጥ በሰው ቤት ስታበስል ዓመታት የኖረች። ከኋላዋ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ ዓይኗን መሬት ላይ የተከለች ልጅ ትከተላለች።

መቅደስ ናት። ሦስተኛውን ሳህን ያስመለስኩባት እኔው ነኝ።

«ቅሬታ ያለው ማን ነው?» አለች ወይዘሮ ጽጌ።

መቅደስ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯን ነክሳ ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀች፤ እንደማታውቂኝ ሁኚ ማለቷ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አገኙበት እናቴ?»

«ጥሬ ነው።»

«ቀመሱት?»

ሳህኑ የሕይወት ነው። እኔ ጠረኑን እንኳ አላሸተትኩም።

ወይዘሮ ጽጌ ራሷ ቀመሰች፣ ለእኔም ሌላ ሹካ ሰጠችኝ። ጎረስኩ። እኛ ቤት ፓስታ የምናበስለው ጥርስ እስከማያስፈልገው ድረስ ነው። ይሄኛው ጥርስ ይፈልጋል። የእኔ የቀሩት በቀኝ በኩል ናቸውና ወደዚያ አዛውሬ አኘክሁት። መሃሉ ጠንከር ይላል፤ ግን ጥሬ አይደለም። ዱቄት ዱቄትም አይልም። ሱጎው የቲማቲምና የበሶብላ ጠረን አለው፤ ጥሩ እጅ የነካው ነው።

«ስንት ደቂቃ አፈላሽው?» ብላ ወይዘሮ ጽጌ መቅደስን ጠየቀቻት።

«እርስዎ እንዳሳዩኝ። ስምንት።»

የልጅ ልጄ ናት፣ ማሯት ብል አድልዎ ነው። ዝም ብል ግፍ ነው። ስለዚህ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁና ወደ መቅደስ ዞርኩ።

«እመቤት፣ ሳልቀምስ ነው የፈረድኩብዎት። ምግብዎ ጥሬ አይደለም። ያጠፋው የእኔ አፍ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

አዝዬ ያሳደግኳትን ልጅ «እርስዎ» ስላት ጉንጯ ተነፋ፤ ሳቋን እንደምንም ዋጠችው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እማማ» አለች፤ ለማንኛዋም አሮጊት እንደምትለው።

«አንቺ ግን» አልኳት ወይዘሮ ጽጌን፣ «ስለ ፓስታው ብሳሳትም ስለ ስድቡ አልተሳሳትኩም። ይቺ ልጅ ያልገባትን ጠየቀች። የሚጠይቅ ሰው ይነገረዋል እንጂ ሻይ ቤት ይላካል?»

ወይዘሮ ጽጌ አስተናጋጁን አየችው። ነገሩን ከሕይወት ጓደኛ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ። ልጁ ሕይወትን ይቅርታ ጠየቃት፤ አጠያየቁ ከልብ ነበር፣ እኔ አውቃለሁ። ወይዘሮ ጽጌ ራሷ ጠረጴዛው ጋ ቀርባ፣ ጣሊያኖች ለምን እንዲያ እንደሚበሉት አስረዳቻት፤ «እንዲህ ትበዪዋለሽ ወይስ ይለስልስልሽ?» አለቻት። ሕይወት ይለስልስልኝ አለች። መቅደስ ሳህኑን ይዛ ገባች።

እኔን መስኮቱ አጠገብ፣ «የተያዘው» ቦታ አስቀመጡኝ። ላዛኛው መጣ። ሥጋውና ፎርማጆ የሚሉት አይብ ተደራርቦ በላዩ የተጠበሰ፣ ለጥርሴ የሚስማማ ነው። ግን ምኑም አልጣመኝም። ሐሳቤ ሰሌዳው ጋ ነበር። በመጨረሻ ቡና ቀረበልኝ፤ ስኒዋ የእንቁላል ቅርፊት ታክላለች። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ቡና ነውና በአንድ ፉት አወቅኩት፤ የእኛው አገር ነው፣ በደንብም ታጥቧል። ለዚህ እንኳ ተመስገን አልኩ።

በሩ ላይ

ስወጣ ወይዘሮ ጽጌ በኮባ የጠቀለልኩትን ቆጮ ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«ልጅቱ የእርስዎ ናት ለካ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጥበቃው። ‹አንዲት እናት ለመቅደስ ያመጡት ነው› አለኝ።»

ከዚህ ወዲያ መደበቅ የለም። «ተጻፈ?» አልኳት።

«ደንበኛ መልሷላ። ተጽፏል።» ከዚያ ወደ ውስጥ መለሰችኝና የወጥ ቤቱን በር ከፈት አደረገችልኝ። በሰሌዳው ላይ ጠመኔው ገና አዲስ ነው። በመቅደስ ስም ያሉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው የተጻፈው ከታች ነው፤ ስሙም «ጽጌ» ይላል።

«አበሳሰሉን አስተማርኳት» አለች፣ «አስተናጋጁን ግን ለሰው እንዲያስረዳ አላስተማርኩትም። መቅደስ ሰኞ በቋሚነት ትገባለች።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አልቀበልም።»

«ለእርስዎ ማን አለ! ሳህኑን ልትደግም ስትገባ አንዲት ቃል አላጉረመረመችም። ሙከራውን ያለፈችው እዚያ ላይ ነው።»

አቀፍኳት፤ ኮባውንም በእጄ አስያዘችኝ። መቅደስ ከኋላዋ ብቅ ብላ፣ «መሐላሽን አፍርሰሻል» አለችኝና ኮባውን ነጥቃኝ ሮጠች። እነ ሕይወት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ።

ጨለለቅቱ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቤቴ የገባሁት ሳይመሽ ነው። በመንገድ ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ለተበደለ መጮሄን አልተውም፤ በዚህ ዕድሜዬ የምለውጠው አይደለም። ያቺን ሕፃን ያዘለች ሴት ግን ሳላይ፣ ያንን ፓስታ ሳልቀምስ ነው የጮህኩት። ሁለቱም ምሕረት አደረጉልኝ፤ አንዷ በአቮካዶ፣ አንዷ በይቅርታ።

እሑድ ፓስታ ገዝቼ ስምንት ደቂቃ ቆጥሬ አወጣሁ። ጎረቤቴ አስካለ ገብታ ሳህኑን ገና ከሩቅ ስታየው፣ «ውይ፣ ይሄማ ጥሬ ነው» አለች።

ሹካ ሰጠኋት።